ስሙን ሸፍኖ ማንበብ፦ የጥንት እንግሊዛዊ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃዎችን ማንነትና ዕድሜ ስለ መለየት

ክቡራትና ክቡራን፣

ከፊቴ በጠረጴዛው ላይ ያለው ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ወደዚህ አዳራሽ ከመግባቱ በፊት ተፈትሾ ባዶ መሆኑ ተረጋግጧል። ይህን የማስቀድመው ለወግ ብዬ አይደለም። በአፉ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ከመቶ ዓመት በፊት የጎረሰውን ባሩድና እርሳስ እንደያዘ ሊገኝ ይችላል፤ ጥቁር ባሩድም እርጥበት ካልነካው ኃይሉን አይተውም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጠመንጃ እጃችሁ ሲገባ አስቀድማችሁ ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ ውስጥ እስኪቆም ድረስ አስገቡና የገባበትን ልክ ምልክት አድርጉበት፤ ከዚያም ዘንጉን በውጭ በኩል ከአፈሙዙ ጎን አስተኝታችሁ ጫፉ እስከ ቂጡ ይደርስ እንደሆነ ተመልከቱ። ሁለትና ሦስት ጣት ያህል ከጎደለ በውስጡ አንድ ነገር አለና፣ ባለሙያ እስኪያወጣው ድረስ ማንም አይንካው።

አሁን በሁለቱ አፈሙዞች መካከል ከላይ የተዘረጋውን ቀጭን ማያያዣ ብረት ተመልከቱ። በእርሱ ላይ ስምና አድራሻ ተቀርጿል፤ እኔ ግን ሆን ብዬ በወረቀት ሸፍኜዋለሁ፤ ወረቀቱንም የማነሣው በመጨረሻ ነው። ጀማሪ የሆነ ሁሉ አስቀድሞ የሚያነበው ይህን ስም ነው፤ ካነበበውም በኋላ የቀረውን ሁሉ ከስሙ ጋር እንዲስማማ አድርጎ ያየዋል። በእኔ እምነት ስም ከምስክሮች ሁሉ በኋላ የሚጠየቅ ምስክር ነው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ከሥር ያለው ብረት ነው።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን፣ አፈሙዝ ስልም ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጠቅላላውን ቱቦ ማለቴ መሆኑን ከወዲሁ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ስም ማመን የለመድነው ያለ ምክንያት አይደለም። አባቶቻችን ስናድር፣ አልቤን፣ ለበን፣ ምንሽር እያሉ ጠመንጃን በፈጣሪው ስም ሲጠሩ ስሙ ሁሉን ይናገር ነበር። በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የያዘው ስናድር አንዱ ከሌላው ሳይለይ በብዛት የተሠራ የጦር መሣሪያ ስለ ነበር፣ ስናድር ነው ማለት ዘመኑንም፣ ጥይቱንም፣ አሠራሩንም መናገር ነበር። የእንግሊዝ የአደን ጠመንጃ ግን ከዚህ የተለየ ፍጥረት ነው። ለአንድ ሰው ክንድና ትከሻ ተለክቶ፣ አፈሙዙን አንዱ፣ ሰደፉን ሌላው፣ ቅርጹን ሦስተኛው ባለ እጅ ሠርቶት፣ ከዚያም የሻጩ ስም የሚጻፍበት ዕቃ ነው። በበርሚንግሃም የተሠሩ እጅግ ብዙ ጠመንጃዎች በገጠር ከተማ የብረታ ብረት ነጋዴ ወይም በለንደን ሱቅ ስም ተሸጠዋል። ታላላቅ የለንደን ቤቶች ሳይቀሩ ከበርሚንግሃም ሠሪዎች ያሠሩ ነበር። ስሙ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚነግረን ማን እንደሸጠው እንጂ ማን እንደሠራው ላይሆን ይችላል።

እንግዲህ ጠመንጃውን ከወገቡ አጥፈን አፈሙዞቹን ከሰደፉ እንለያያቸው። ከቂጡ አጠገብ፣ ከሥር በኩል፣ ጠፍጣፋ የሆነ ስፍራ ይታያል። የጠመንጃው የልደት ወረቀት ያለው እዚህ ነው። ከሰደፉ ጋር ሲገጠም ስለሚደበቅ ማንም ለማሳመር ብሎ አልቀረጸውም፤ ሕግ አስገድዶ ያስመታው ማኅተም ነው።

በእንግሊዝ አገር ማንኛውም አፈሙዝ ከመሸጡ በፊት ከተለመደው እጅግ በበለጠ ባሩድ ተተኩሶበት ጥንካሬው እንዲፈተን ሕግ ያዛል። በለንደን ይህን ሥልጣን የያዘው በ1637 ከንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ቻርተር የተቀበለው የጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር ነው። በርሚንግሃም የራሷን መፈተሻ ቤት በፓርላማ ሕግ ያገኘችው በ1813 ነው። ሁለቱም ቤቶች ዛሬም ይሠራሉ። የለንደኑ ማኅተም ዘውድ ሆኖ ከሥሩ ጂ እና ፒ የሚባሉት ሁለት ፊደሎች ተጠላልፈው ይታያሉ፤ አጠገቡም ዘውድ ያለበት ቪ ይመታል፤ ይህም በዓይን ተመርምሮ ማለፉን ያሳያል። የበርሚንግሃሙ ማኅተም ግን ሁለት የተጠላለፉ በትረ መንግሥታትን ይዞ ከላይ ዘውድ፣ በቀሩት ክፍተቶች ደግሞ ቢ፣ ፒ እና ሲ የሚሉ ፊደሎች አሉት፤ የምርመራው ማኅተም በፊደሎቹ ፈንታ ቪ ይዟል። የበርሚንግሃም በትረ መንግሥታት ከ1813 እስከ 1904 ድረስ አገልግለው በ1904 በዘውድ ሥር በሚቀመጡ ቢፒ እና ቢቪ በሚሉ ፊደሎች ተተክተዋል። ስለዚህ ገና ሌላ ምንም ሳንመለከት፣ የተጠላለፉትን በትረ መንግሥታት ያየንበት አፈሙዝ ከ1904 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተነ ሊሆን እንደማይችል እናውቃለን።

በዚህ ጠመንጃ ላይ የሚታዩት በትረ መንግሥታት ናቸው። አንደኛው ድንበራችን ተገኘ ማለት ነው።

ድንበር የምለው በምክንያት ነው። የጠመንጃን ዕድሜ መለየት ማለት አንድን ዓመት በጣት መጠቆም ሳይሆን፣ ከዚህ በፊት ሊሆን አይችልም እና ከዚህ በኋላ ሊሆን አይችልም የሚሉ ሁለት ድንበሮችን ማቆም፣ ከዚያም በትዕግሥት ማቀራረብ ነው። አንድን ጠመንጃ ከፍተው ሳያዩ ይህ የ1850 ነው የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ገጥመውኛል፤ ሙዚየም ውስጥ በሚቀመጥ የመግለጫ ካርድ ላይ እንዲህ ያለ ያልተመረመረ ዓመት ሲጻፍ ሳይ አዝናለሁ፤ ካርዱ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ የሚመጣው ሁሉ እርሱን እየጠቀሰ ይሄዳልና።

የመፈተሻ ሕጎቹ በየጊዜው ሲሻሻሉ አዳዲስ ምልክቶች ይጨመሩ ነበር፤ ለእኛ ትልቁ ሀብት ይህ ነው። ከሁሉ የሚጠቅሙት በ19ኛው መቶ ዘመን የመጨረሻ ሠላሳ ዓመታት የተደረጉት ለውጦች ናቸው። በዚያን ጊዜ ጠመንጃ ሠሪዎች የአፈሙዙን ጫፍ በጥቂቱ በማጥበብ ጥቃቅኑ እርሳስ ሳይበተን ርቆ እንዲሄድ ማድረግን ተምረው ነበር። የኒውካስሉ ዊልያም ሮቼስተር ፔፕ በ1866 የፈጠራ መብት አወጣበት፤ የበርሚንግሃሙ ግሪነር ደግሞ በ1874 አካባቢ አሠራሩን አዳብሮ አስፋፋው። ቾክ የሚባለው ይህ ነው። ነገር ግን ጫፉ በጠበበ አፈሙዝ ውስጥ በልኩ የተሠራ ድብልብል ጥይት የሚተኩስ ሰው አደጋ ይደርስበታል። መፈተሻ ቤቶቹ ይህን አይተው ከ1875 ጀምሮ በእንዲህ ያለ አፈሙዝ ላይ «ኖት ፎር ቦል» ብለው መምታት ጀመሩ፤ ትርጉሙም ለድብልብል ጥይት አይሆንም ማለት ነው። በ1887 ደንቡ ተለውጦ በዚያ ፈንታ «ቾክ» የሚለው ቃል ገባ። ስለዚህ «ኖት ፎር ቦል» የሚል አፈሙዝ የተፈተነው በእነዚያ 12 ዓመታት ውስጥ ነው። ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ ለቆመ ሰው ይህን ያህል ጠባብ ዘመን የሚሰጥ ምልክት በሌሎች ጥንታዊ ዕቃዎች ላይ ማግኘት አይዘወተርም።

በዚያው በ1887 ሌላም ምልክት ተጨመረ። በአልማዝ ቅርጽ ውስጥ የጥይቱ ማደሪያ ቁጥር ተጽፎ ከሥሩ ሲ የሚለው ፊደል ተቀመጠ። ቀረብ ብሎ ማየት የሚፈልግ ሰው በዚህ ጠመንጃ ላይ በሁለቱም አፈሙዞች ሥር አልማዙንና በውስጡ 12 ቁጥርን ያገኛል፤ በግራው አፈሙዝ ላይ ደግሞ «ቾክ» የሚለው ቃል ተመትቷል። ሁለተኛው ድንበራችን ይኸው ነው። ጠመንጃው ከ1887 በፊት አልተፈተነም፤ በትረ መንግሥታቱ ከ1904 በኋላ አይደለም ብለዋል። አሥራ ሰባት ዓመት ቀረን፤ ስሙን ግን ገና አላነበብንም።

ስለ ቁጥሩ ትንሽ ልጨምር። 12 የሚባለው ኢንች ወይም ሚሊሜትር አይደለም። አንድ ፓውንድ እርሳስ እኩል ለ12 ድብልብሎች ቢከፈል የአንዱ ድብልብል ስፋት የአፈሙዙ ስፋት ይሆናል ማለት ነው፤ ይህም 0.729 ኢንች ወይም 18.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በዚህ ልማድ ቁጥሩ ሲያድግ አፈሙዙ ይጠባል፤ 20 ቁጥር ከ12 ይጠባል፤ 10 ቁጥር ይሰፋል። በአሮጌ አፈሙዝ ላይ 13 ወይም 13/1 የሚል ስታዩ አትደነቁ። 13 ቁጥር 0.710 ኢንች ነው፤ 13/1 ደግሞ በ13 እና በ12 መካከል ያለ 0.719 ኢንች የሚለካ ልክ ነው። ጥይቱ የ12 ሆኖ አፈሙዙ 13 መሆኑ በእንግሊዝ የተለመደ ነበር። ከ1954 ደንብ ወዲህ ግን ስፋቱ በዚህ ልማድ ሳይሆን በኢንች አሥርዮሽ መጻፍ ጀመረ። ስለዚህ 729 የሚል ቁጥር የተመታበት ጠመንጃ በአዲሱ ዘመን ተፈትኗል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ይህ የያዝነው ጠመንጃ ከአሮጌዎቹ ምልክቶች አጠገብ ዘውድ ያለበት ቢኤንፒ እና 3 ቶን የሚል የግፊት ልክ ጽሑፍም አለው። ይህ ከ1954 በኋላ በበርሚንግሃም ጭስ አልባ በሆነው ባሩድ ዳግመኛ መፈተኑን ያሳያል። አንድ ሰው እነዚህን ብቻ አይቶ ጠመንጃው የ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነው ቢል ይሳሳታል። አዲስ ምልክት በአሮጌ ላይ ይጨመራል፤ አሮጌው ግን አይፋቅም። ልደቱን የሚናገረው ጥንታዊው ምልክት ነው፤ አዲሱ የሚናገረው ባለቤቶቹ እስከ መቼ ድረስ ሲተኩሱበት እንደነበር ነው። በእኔ ዘንድ ይህም ከልደቱ ያነሰ ታሪክ አይደለም። ከዚህ የተለየው «ስሊቭድ» የሚለው ቃል ሲገኝ ነው፤ ይህ ማለት አሮጌው ቱቦ ተቆርጦ በአሮጌው ቂጥ ላይ አዲስ ቱቦ ተተክሏል ማለት ስለሆነ፣ በእጃችን ያለው ጠመንጃ የሁለት ዘመን ልጅ ነው።

ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ይህን ያህል ከተናገረ፣ አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ።

የእንግሊዝ የአደን ጠመንጃ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ያለፈበት ለውጥ ፈጣን ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ባለ ሁለት አፈሙዙ ጠመንጃ የሚተኮሰው ባልጩት ከብረት ጋር ተጋጭቶ በሚያወጣው ፍንጣሪ ነበር። የለንደኑ ጆሴፍ ማንተን የዚያን ዘመን ጥበብ ከፍተኛ ደረጃ ላይ አድርሶታል፤ በሁለቱ አፈሙዞች መካከል ከፍ ብሎ የሚሄደውን ማያያዣ ብረት በ1806 የፈጠራ መብት ያወጣበት እርሱ ነው። ጄምስ ፐርዴይ በእርሱ ቤት ሠርቶ በ1814 የራሱን ከፈተ። በ1807 የስኮትላንዱ ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይት ሲመታ በሚፈነዳ ቅመም የመተኮስን ዘዴ አስመዘገቡ፤ ከዚያም በ1820ዎቹ ይህን ቅመም በውስጡ የያዘ ትንሽ የመዳብ ቆብ ተስፋፍቶ ባልጩቱን ከሥራ አወጣው። ብዙ ባለቤቶች የነበራቸውን የባልጩት ጠመንጃ ጥለው አዲስ ከመግዛት ይልቅ አስቀየሩት። ስለዚህ ባለ ቆብ ሆኖ የሚታይ ጠመንጃ ከቆቡ ዘመን በፊት የተወለደ ሊሆን ይችላል፤ በጎን ሰሌዳው ላይ የተደፈኑ የብሎን ቀዳዳዎች ካሉ የጥንቱ የባልጩት ዕቃ ያረፈበት ስፍራ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ከወገቡ የሚታጠፍና በኋላው የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ፈረንሳዊው ካዚሚር ለፎሾ የፈጠረው ይህ ዓይነት በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ሲታይ እንግሊዛውያን ሠሪዎች ለጥቂት ጊዜ ተጠራጠሩት፤ ጆሴፍ ላንግ ግን ብዙም ሳይቆይ መሥራት ጀመረ። የዚያ ዘመን ጥይት ከጎኑ ትንሽ መርፌ የወጣችበት ሲሆን፣ መርፌዋ እንድታልፍ በአፈሙዙ ቂጥ ላይ ከላይ በኩል ትንሽ ስንጥቅ ይተዉ ነበር። በ1861 ዶ የተባለው የለንደን ሠሪ ከቂጡ መካከል የሚመታ ጥይት ይዞ ከቀረበ በኋላ ባለ መርፌው ቀስ በቀስ ተረሳ። ይህንንም ብዙዎች አስቀይረዋል፤ ስንጥቁን በብረት ደፍነው መምቻውን ለውጠዋል። በቂጡ ጫፍ ላይ በጥፍር ሲዳሰስ የሚሰማ ትንሽ አራት ማዕዘን ድፍን ካገኛችሁ፣ ያ ጠመንጃ በ1850ዎቹ ወይም በ1860ዎቹ በመርፌ የተወለደ መሆኑን እወቁ።

ይህ ዕውቀት ለእኛም ለቤታችን ይጠቅማል። እንግሊዝ ሠራሽ ጠመንጃ ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ረጅም ዘመን ነው፤ በ1841 በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው መልእክት ለሸዋው ንጉሥ ለሣህለ ሥላሴ ካበረከታቸው ስጦታዎች መካከል 300 ጠመንጃ ነበር። አንድ ቤተሰብ ከቅድመ አያቱ የወረሰውን ጠመንጃ ከዚያ ስጦታ የተገኘ ነው ብሎ ቢያምን በአክብሮት ልንሰማው ይገባል። ነገር ግን ያ ጠመንጃ ከወገቡ የሚታጠፍና ከቂጡ መካከል የሚመታ ከሆነ በ1841 አልተፈጠረም። አያትየው ዋሽተዋል ማለት አይደለም፤ ምናልባት ታሪኩ የአንዱ ጠመንጃ ሆኖ ሳለ በዘመናት ውስጥ ወደ ሌላው ተሻግሯል።

ወደ ጠረጴዛችን ስመለስ፣ ይህ ጠመንጃ መዶሻዎቹ በውጭ የሚታዩ፣ ከመቱ በኋላም በራሳቸው ወደ ኋላ የሚመለሱ ናቸው። የወልቨርሃምፕተኑ ስታንተን ለዚህ አሠራር በ1867 መብት አውጥቷል። መክፈቻው በላይ በኩል በአውራ ጣት የሚገፋ ነው፤ ከውስጥ የሚያገናኘው ዘንግ የስኮት ቤት የ1865 ፈጠራ ነው። ከታች ደግሞ ሁለት ጥርስ ያለው ተንሸራታች መቀርቀሪያ አለው፤ ይህ ፐርዴይ በ1863 ያስመዘገበው ነው። እነዚህ ዓመታት ሁሉ የታችኛውን ድንበር ይሰጣሉ እንጂ የላይኛውን አይነግሩንም። የፈጠራ መብት ታሪክ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ያስተምረናል። በዚያን ዘመን መብቱ የሚጸናው ለ14 ዓመት ነበር። ስለዚህ እስከ 1877 ድረስ የፐርዴይን መቀርቀሪያ የሚጠቀም ሌላ ሠሪ ክፍያ ከፍሎ የፈቃድ ጽሑፍና ቁጥር ይመታበት ነበር። ከ1877 በኋላ ግን የማንም ሆነ። በዚህ ጠመንጃ መቀርቀሪያ ላይ የፈቃድ ጽሑፍ የለም፤ ይህም ከማኅተሞቹ ምስክርነት ጋር ይስማማል።

እንዲሁም በዌስትሊ ሪቻርድስ ቤት የነበሩት ዊልያም አንሰንና ጆን ዲሊ በ1875 መዶሻው በሣጥን ውስጥ የሚደበቅበትን ቀላል አሠራር አስመዘገቡ፤ መብቱ በ1889 ሲያበቃ በርሚንግሃም ይህን ዓይነት ጠመንጃ ለዓለም ሁሉ አቀረበች። ከዚህ የሚቃረነው የሄንሪ ጆንስ ዕጣ ነው። እርሱ በ1859 ከምላጩ ሥር በሚዞር እጀታ የሚጠብቅ መዝጊያ ፈጥሮ፣ መብቱን ለማጽናት የሚጠየቀውን ክፍያ ባለመክፈሉ ሥራው ወዲያው የሁሉ ሆነ። እጅግ ጠንካራ በመሆኑም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሠራበት ኖረ። ስለዚህ የጆንስ እጀታ ያለበት ጠመንጃ የ1860ዎቹ ነው ብሎ መፍረድ የተለመደ ስሕተት ነው፤ እንዲያውም ለርካሽ ጠመንጃና ለከባድ የወፍ ጠመንጃ በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻም አልተተወም ነበር።

በብረቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ይህ እንደ ውኃ ሞገድ የሚታየው መልክ የደማስቆ የሚባለው ብረት ነው፤ የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች ተጠምዝዘው፣ በዘንግ ላይ ተጠቅልለው፣ በእሳት ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው። በማንተን ዘመን ምርጡ አፈሙዝ ከአሮጌ የፈረስ ጫማ ምስማር ቁራጮች የሚሠራ እንደ ነበር ማወቁ ያስደስታል፤ በመንገድ ሲመታ የኖረ ምስማር ብረቱ የጠራ ነው ይባል ነበር። አንድ ወጥ የሆነ የአረብ ብረት ቱቦ ከ1880 ወዲህ እየተስፋፋ ሄደ፤ ሁለቱ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ጎን ለጎን ስለተሠሩ በብረቱ ብቻ ዓመት መስጠት አይቻልም።

አሁን ስለ ሐሰተኛ ስም ልናገር፤ ለዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ያበቃኝ እርሱ ነውና። ሥራውን በጀመርሁበት ዘመን አንድ ወዳጄ የታላቅ የለንደን ሠሪ ስም የተቀረጸበት፣ ቅርጹ ያማረ፣ በላዩም «ጥሩ የደማስቆ ብረት» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበት ጠመንጃ አሳየኝ። ስሙን አንብቤ ተደሰትሁ፤ ደስታዬንም ነገርሁት፤ እርሱም በእኔ ቃል ተማምኖ ገዛው። በኋላ አፈሙዙን ስንፈታው ከሥሩ ያገኘነው ዘውዱንም በትረ መንግሥታቱንም አልነበረም። በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፣ ኤል እና ጂ የሚሉ ፊደሎች ከኮከብ ጋር ተቀምጠው ነበር። ይህ የቤልጅግ ከተማ የሊዬዥ መፈተሻ ቤት ማኅተም ነው። የአፈሙዙም ስፋት በሚሊሜትር ተጽፎ ነበር። ያ ጥፋት የእኔ ነበር፤ ወዳጄ የከፈለውን ገንዘብ ሳስብ ዛሬም ይከብደኛል።

ሊዬዥ በ19ኛው መቶ ዘመን የብዙ ጥሩ ጠመንጃ አገር ነበረች፤ ቤልጅግ መሆን በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ ስሙ ነው። ለባሕር ማዶ ገበያ፣ በተለይም ለአሜሪካ፣ የታወቁ የእንግሊዝ ስሞችን የሚመስሉ ስሞች እየተቀረጹ ተልከዋል። ዌስትሊ ሪቻርድስ የሚል በሚጠበቅበት ቦታ ደብልዩ ሪቻርድስ፤ በሌላውም ላይ ማንተን የሚለው ስም ያለ አድራሻ ይገኛል። የሊዬዥ ማኅተም እስከ 1893 ድረስ ዘውድ አልነበረውም፤ ከዚያ ወዲህ ከእንቁላሉ በላይ ዘውድ ተጨመረበት፤ ስለዚህ ሐሰተኛ ስም የያዘውም ጠመንጃ ዕድሜውን በእውነት ይናገራል። እንግሊዛዊ ስም ይዞ የእንግሊዝ ማኅተም የሌለው አፈሙዝ ሁሉ በእንግሊዝ ሕግ ሊሸጥ የማይችል ስለ ነበር፣ ማኅተሙ የጠፋበትን ስም አለማመን ይበጃል።

የእውነተኛ ቤት ስም ሲሆን አድራሻው ትልቅ ዋጋ አለው። ፐርዴይ ከ1826 ጀምሮ በኦክስፎርድ ጎዳና፣ ከ1880ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ እስከ ዛሬ በደቡብ ኦድሊ ጎዳና ነው። ሌላው የለንደን ጠመንጃ ሠሪ ቤት ቦስ በሴንት ጄምስ ጎዳና ቁጥር 73 ለረጅም ዘመን ቆይቶ በ1908 ወደ ዶቨር ጎዳና ተዛወረ። የእነዚህ ቤቶች የሥራ መዝገቦችም ተጠብቀው ስላሉ፣ በምላጩ መከለያ ላይ የተቀረጸው የጠመንጃው ቁጥር ከአፈሙዙና ከፊት እንጨቱ ቁጥር ጋር ከተስማማ መዝገቡን ጠይቆ መጀመሪያ ማን እንዳሠራው ማወቅ ይቻላል። ቁጥሮቹ ካልተስማሙ አንዱ ክፍል ከሌላ ጠመንጃ መጥቷልና እያንዳንዱን ለብቻው መርምሩት።

በብሪታንያ የምትኖሩ ወገኖቼ አንድ ነገር አትርሱ። ዕድሜ ብቻውን ጠመንጃን በሕግ ፊት ጥንታዊ አያደርገውም። በአፉ የሚጎርስና ባለ መርፌ ጥይት የሚወስድ አሮጌ ጠመንጃ ለጌጥና ለማስታወሻ ብቻ ከተቀመጠ ያለ ፈቃድ ሊያዝ ይችላል። እንደዚህ በጠረጴዛው ላይ እንዳለው ዛሬም ጥይቱ የሚሸጥለት 12 ቁጥር ግን የቱንም ያህል ቢያረጅ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ በውርስ ያገኛችሁትን ጠመንጃ ዓይነቱን ሳትለዩ በቤት አታቆዩ።

አሁን ወረቀቱን አነሣለሁ።

ስሙ የአንድ ሰው ነው፤ ከእናንተ አንዳችሁም ሰምታችሁት እንደማታውቁ እገምታለሁ፤ ከሥሩም የተጻፈው ለንደን ሳይሆን የአንዲት ትንሽ የእንግሊዝ የገበያ ከተማ ስምና የአንድ ጎዳና ስም ነው። ይህ ሰው ጠመንጃ ሠሪ እንዳልነበረ ከበርሚንግሃም ማኅተሞቹ እገምታለሁ፤ ማረሻና ማንጠልጠያ፣ ቁልፍና ጥይት የሚሸጥ ነጋዴ ሳይሆን አይቀርም። በ1887 እና በ1904 መካከል ከበርሚንግሃም አምጥቶ ምናልባት ለአንድ ገበሬ ሸጦታል። እኔ ወደ መጀመሪያዎቹ ዓመታት አደላለሁ፤ ምክንያቱም ጠመንጃው ሲወለድ የተፈተነው በጥቁር ባሩድ ብቻ ነው፤ ከ1896 ወዲህ ደግሞ በጭስ አልባው ባሩድ የተፈተኑት «ናይትሮ ፕሩፍ» የሚል ጽሑፍ ይመታባቸው ነበር። ይህ ግን ዝንባሌ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ በጥቁር ባሩድ መፈተን ከዚያም በኋላ አልቀረምና።

የሚቀረው የዚያችን ከተማ የዚያን ዘመን የንግድ ማውጫዎች ከፍቶ፣ ይህ ነጋዴ በዚህ ጎዳና ላይ ሱቁን ከመቼ እስከ መቼ እንደከፈተ መፈለግ ነው። ማውጫዎቹ በብሪታንያ የአካባቢ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። ስሙን የምንጠይቀው አሁን ነው።